ሲጨመቅ የማይጠፋው ጨዋታ

(ደሴ ላይ ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ርዕሴ ለአንዳንድ ወላጆች ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ አሮጌ የእግር ኳስ ጌም፣ ያውም ተጨምቆ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞረው ጌም ልናገር ነው የመጣሁት። ጉዳዩ ለእኔ ትልቅ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሆነ ወልዲያ የተማሪ ላፕቶፕ ከፍታችሁ ብታዩ፣ ከትምህርት ፋይሎቹ አጠገብ ፔስ 6፣ ፔስ 2013 ወይም ፊፋ 14 ተቀምጦ ልታገኙ ትችላላችሁ። ፔስ 6 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ዛሬ ከሚጫወቱት ልጆች ብዙዎቹ ያኔ አልተወለዱም። በዕድሜ የሚበልጣቸው ጌም እንዴት ያዛቸው?

የተለመደው መልስ «አዲሱን የሚችል ኮምፒውተር ስለሌለን» የሚል ነው። እውነትነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም፣ ጠንከር ያለ ግራፊክስ ካርድና 100 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይጠይቃል። ፔስ 2013 ግን በፔንቲየም 4 ፕሮሰሰር፣ በ1 ጊጋባይት ራም፣ በ8 ጊጋባይት ቦታና በአንድ ደከም ባለ ግራፊክስ ካርድ ሥራውን ይጀምራል። ፊፋ 15 ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ካላገኘ አይነሳም፤ ስለዚህ ብዙ ኮምፒውተሮቻችን ፊፋ 14 ላይ ቆመው ቀሩ።

ነገር ግን የአቅም ማነስ ብቻውን ፍቅርን አያስረዳም። ሰው ወዶ ሳይሆን ቸግሮት የያዘውን ነገር፣ የተሻለ ሲያገኝ ይጥለዋል። አዲስ ላፕቶፕ የተገዛላቸው ልጆች መጀመሪያ የሚጭኑት ያንኑ አሮጌ ፔስ ሲሆን ደጋግሜ አይቻለሁ። እኔ እንደማምነው እነዚህ ጌሞች የቆዩት ሙሉ ስለሆኑ ነው። ተሠርተው አልቀዋል። ኩባንያው ከሩቅ ሆኖ አይለውጣቸውም፣ አገልጋይ ኮምፒውተሩን ሲዘጋም አብረው አይሞቱም። የያዛቸው ሰው ይቀዳቸዋል፣ ይፈታቸዋል፣ ይቀይራቸዋል። መጨመቃቸው ደግሞ ሌላ ነገር አሳይቶናል፤ ከአንድ ጌም ላይ ምን ምን ቢነሳ ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ እንደሚቀጥል።

ስለ መጨመቁ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ከተቀመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ በእጃቸው ይሠሩታል፣ ከውስጡ ምን እንደሚካሄድ ግን የነገራቸው የለም።

ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንዱ ምንም ሳይጠፋ ማሳነስ ነው። አብርሃም ሌምፔልና ያዕቆብ ዚቭ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ዘዴ መሠረት፣ ኮምፒውተሩ ፋይሉን እያነበበ ሲሄድ ቀድሞ ያየውን ነገር እንደገና ቢያገኝ ድጋሚ አይጽፈውም፤ «ይህን ያህል ወደ ኋላ ተመለስ፣ ይህን ያህል ቅዳ» የሚል አጭር ምልክት አስቀምጦ ያልፋል። ዊንራርና ሰቨን ዚፕ የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው። እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ሲሆን ለመንገድ ይቀላል፣ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ምግብ ይሆናል፤ ይህኛው መጨመቅ እንደዚያ ነው። የእግር ኳስ ጌም ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ሣሩ ራሱን ይደግማል፣ በመቀመጫው ላይ ያለው ሕዝብ ራሱን ይደግማል፣ የማልያዎቹ አሠራር ከቡድን ቡድን ተመሳሳይ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ቆርጦ መጣል ነው። የመግቢያ ቪዲዮ ይወጣል፣ የሙዚቃው ጥራት ይቀነሳል፣ በአምስትና በስድስት ቋንቋ የተቀረጸው የጨዋታ አስተላላፊ ድምፅ አንዱ ብቻ ይቀራል ወይም ሁሉም ይጣላል። የተጣለው ፋይሉ ሲፈታ ተመልሶ አይመጣም። ብዙ ጊጋባይት የነበረው ጌም ወደ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ወርዶ ስታገኙት ሁለቱም ሥራዎች ተሠርተውበታል ማለት ነው።

ወሎ ውስጥ ይህ ለምን እንደተወደደ ለመረዳት የገንዘቡን ስሌት ማየት ይበቃል። ሜጋባይት በብር ይገዛል። ፕሮሰሰሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ የሚጠይቀን የመብራቱን ሒሳብ ብቻ ነው። በጣም የተጨመቀ ፋይል ለማውረድ አጭር፣ ለመፍታት ረጅም ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ልጆቹ የኢንተርኔት ወጪን በትዕግሥት ለውጠውታል። አንዱ አዲስ አበባ ሄዶ በፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ የተጓዘው ፋይል በሳምንት ውስጥ ደሴ ላይ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ይዳረሳል። ፋይሉ ተቆራርጦ የሚመጣውም በምክንያት ነው። ብዙዎቹ ፍላሾች ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጁ ናቸው፤ ይህ አሠራር ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ስለዚህ ጌሙ ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት እየተባለ ይሸነሸናል። ከመካከሉ አንዱ ክፍል ላይ ትንሽ ስህተት ካለ፣ መፍታቱ ዘጠና ምናምን በመቶ ደርሶ ይቆማል። ያኔ ጌሙን ከባዶ መጀመር አያስፈልግም፤ የተበላሸውን ክፍል ብቻ ከጓደኛ መልሶ መቅዳት በቂ ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ ሁሉንም ደምስሶ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ ለዚህ ነው የምነግራችሁ።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። «8 ጊጋባይት የነበረው ጌም በ10 ሜጋባይት» የሚል ነገር ካገኛችሁ አትንኩት። የሒሳብ ሊቁ ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 እንዳስረዳው መረጃ ሳይጠፋ የሚያንስበት ወለል አለው፤ ከዚያ በታች የሚወርድበት ጥበብ የለም። 10 ሜጋባይት ውስጥ ስታዲየም፣ ተጫዋችና ማልያ አይገባም። ሊገባ የሚችለው ቫይረስ ነው። ፎልደሮቻችሁን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረውን ቫይረስ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የመመረቂያ ጽሑፉን በእሱ ምክንያት አጣሁ ብሎ የመጣብኝ ተማሪም አለ። ፋይሉ አልጠፋም ነበር፣ ተደብቆ ነው፤ አውጥተን ሰጠነው። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይቀናም።

ወደ ጨዋታው ልመለስ።

ፔስ 6ን ያልተጫወተ ሰው ካስቶሎንና ሚናንዳን አያውቃቸውም። ተጫዋቾቹ በዓለም ላይ የሉም፤ የፔስ ሠሪው ኩባንያ ኮናሚ የፈጠራቸው ስሞች ናቸው። በማስተር ሊግ ውድድር ቡድን ስትረከቡ የሚሰጧችሁ እነሱ ናቸው፤ ቀርፋፎች፣ ቶሎ የሚደክሙ፣ በሁለተኛው ዲቪዚዮን የሚጀምሩ። ነጥብ እያጠራቀማችሁ አንድ አንድ ተጫዋች ትገዛላችሁ። ብራዚላዊውን አጥቂ አድሪያኖን ለማስፈረም ብዙ የውድድር ዘመን የጠበቀ ልጅ፣ ያ ግራ እግር የመጀመሪያውን ኳስ ከሠላሳ ሜትር ሲያስቆጥር የሚሰማውን ደስታ ዛሬ የተጫዋች ካርድ በገንዘብ የሚያስገዙት ጌሞች አይሰጡትም። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ አልመልሰውም። ድካም የሌለበት ቡድን የራስ ቡድን አይሆንም።

የስም ጉዳይም አለ። ኮናሚ የብዙ ክለቦችን ፈቃድ ስላልያዘ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ተብለው ነበር የወጡት። ተጫዋቾቹ ግን ድሮግባና ኤሲየን፣ ጄራርድም በስማቸው አሉ። ጉድለቱ በር ከፈተ። ጌሙ ውስጥ የክለብ ስም የሚቀየርበት፣ ማልያ የሚቀለምበት፣ አርማ በትንንሽ ካሬ እየተሞላ የሚሣልበት ክፍል ስለነበረ፣ የጎደለውን ተጫዋቹ ራሱ ሞላው። ኪትሰርቨር የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ሲመጣ ደግሞ የጌሙን ዋና ፋይል ሳይነኩ ማልያና ፊት፣ ኳስም ከአንድ ተራ ፎልደር ማስገባት ተቻለ። በፔስ 2013 ጊዜ እንደ ፔስኤዲት ያሉ የአድናቂዎች ማሻሻያዎች የተጫዋቾችን ዝውውር ሳይቀር አስተካከሉ። ጌሙ ካለቀ በኋላ ሁለተኛ ሕይወት ያገኘው በባለቤቱ ኩባንያ እጅ አልነበረም፤ በተጫዋቾቹ እጅ ነው።

በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ፔስ 2013 ከወጣ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት ነበር። ከዛምቢያ ጋር አንድ ለአንድ ስንወጣ፣ በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ አዳነ ግርማ ያስቆጠረውን ጎል ማን ይረሳል? ያን ሰሞን አንድ ወጣት ያሳየኝ ቡድን እስከ አሁን ዓይኔ ላይ አለ። ሳላዲን ሰይድን ሠርቷል፤ ቁመቱን፣ የፀጉሩን ቅርፅ፣ በአየር ላይ ኳስ የመምታት ችሎታውን ሳይቀር በቁጥር ሞልቷል። ለፍጥነቱ ስንት ይሰጥ በሚለው ላይ ከወንድሙ ጋር ተጣልተው አልተስማሙም ነበር። ታናሽየው ይበልጥ፣ ታላቅየው ይነስ ይላሉ። ጨዋታ ማየት ማለት ይህ ነው እንጂ ዝም ብሎ ማጨብጨብ አይደለም። አንድን ተጫዋች በቁጥር ለመግለጽ የተቀመጠ ልጅ፣ ምንጊዜ እንደሚፈጥንና ምንጊዜ እንደሚደክም አጥንቶ ነው የተቀመጠው።

ስለ ኪቦርድ ልናገር፤ በዚህ አዳራሽ ሊናገር የሚገባ ሰው ካለ እኔ ነኝ፣ ብዙ ኪቦርድ ጠግኛለሁ። ለጥገና የሚመጣው ኪቦርድ ብዙ ጊዜ ፊፋ የተጫወቱበት ከሆነ ወዲያው ይታወቃል። ኤስ፣ ዲ እና ኢ የሚሉት ፊደላት ጠፍተዋል፤ ኤስ ማቀበያ፣ ዲ መምቻ፣ ኢ ደግሞ መሮጫ ነው። ጆይስቲክ የሌላቸው ሁለት ልጆች አንዱን ኪቦርድ ተካፍለው ሲጫወቱ አንድ ጠብ አይጠፋም። አንዱ ጎል ፊት ቆሞ መምቻውን ይጫናል፣ ኳሱ አይሄድም። «ያዝክብኝ!» ይላል። ሌላው ይምላል፣ ይገዘታል።

ሁለቱም ልክ ናቸው። በርካሽ ኪቦርድ ውስጥ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ የለውም፤ ቁልፎቹ በረድፍና በዓምድ ተሰልፈው ሽቦ ይጋራሉ። ሦስት አራት ቁልፍ በአንድ ጊዜ ሲጫን ኪቦርዱ የትኛው እንደተነካ መለየት ያቅተውና አንዱን ይተወዋል። አንዱ እየሮጠ፣ ሌላው እየተከላከለ ባለበት ሰዓት የሚጠፋው ምት ከዚህ የመጣ ነው። በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ ያየሁትን መፍትሔ ወድጄዋለሁ። ልጆቹ ኖትፓድ ከፍተው ቁልፎችን በጥምር እየተጫኑ የትኞቹ ፊደላት እንደሚጻፉ፣ የትኞቹ እንደሚቀሩ አንድ በአንድ ፈተሹ። የማይጋጩትን መርጠው ለሁለቱ ተጫዋቾች አካፈሉ፣ ዝርዝሩን በወረቀት ጽፈው ላፕቶፑ ክዳን ላይ ለጠፉት። ማንም አላስተማራቸውም። ከፊታቸው የተቀመጠ ዕቃ እንዴት እንደሚያስብ ጠይቀው መልሱን ራሳቸው አገኙት። የተቆለፈና ከሩቅ የሚታዘዝ ጌም ለዚህ ዓይነት ጥያቄ በር አይከፍትም።

ጎን ለጎን መቀመጡም ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ደሴን ታውቋታላችሁ፤ ጦሳ ሥር ያለች፣ ሜዳ የጠበባት ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ፣ ጭጋጉና ጭቃው ሲበረታ የሰፈር ኳስ ይቆማል፣ የጆተኒው ጠረጴዛም ሸራ ይለብሳል። ያኔ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ልጅ አንድ ስክሪን ከብቦ ይቀመጣል። አሸናፊ ይቀጥላል፣ ተሸናፊ ይነሳል። ወላጆች የምትሰጉበትን ውርርድ እኔም እቃወመዋለሁ፤ በብር የሚጫወቱ ልጆች ካሉ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሯቸው። ከዚህ ውጭ ግን ልጃችሁ ከጎኑ ከተቀመጠ ጓደኛው ጋር ሲሸነፍና ሲያሸንፍ መዋሉ አያስከፋኝም። ደግሞ ጌም ቤቱ የወንዶች ብቻ ሆኖ በቆየበት አገር፣ ላፕቶፑ ቤት መግባቱ እህቶችን አስገብቷል። ታላቅ ወንድሞቻቸውን የሚያሸንፉ ልጃገረዶች እዚህ አሉ፤ ዓይኔ ስር ተቀምጠው እየሳቁ ነው።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ልናገረው የፈለግሁት ላይ ደረስኩ። ቅድም ሲጨመቅ ከሚጣሉት መካከል የአስተላላፊው ድምፅ አንዱ ነው ብያለሁ። ጌሙ ሲከፈት የሕዝቡ ጩኸት አለ፣ የኳሱ ድምፅ አለ፣ የሚናገር ሰው ግን የለም። ዝምታውን ማን ሞላው? ልጆቹ። አንዱ ተራውን እየጠበቀ ማስተላለፍ ይጀምራል። የእኛ ትውልድ ደምሴ ዳምጤን በሬዲዮ እያዳመጠ ነው ያደገው፤ ሜዳውን ሳናይ በድምፁ አይተነዋል። እነዚህ ልጆች እሱን አልደረሱበትም፣ ነገር ግን ከአባቶቻቸውና ከዛሬዎቹ አስተላላፊዎች የወረሱትን ስልት ይዘውታል። «ካስቶሎ ይዞ ገባ፣ አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን... ወይኔ ካስቶሎ! አብሽር፣ ገና ሃያ ደቂቃ አለ!» ሲል የሰማሁት ልጅ ዕድሜው ከአሥራ ሁለት አይበልጥም። እንግሊዛዊው አስተላላፊ ተቆርጦ በወጣበት ቦታ አማርኛ ገባበት። ሙሉው ጌም ኖሮ ቢሆን ልጁ ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣውን ፈተና ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ስንት ቤት ተዘረፈ፣ ስንት ቤተ ሙከራ ባዶውን ቀረ፤ በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋረጠና ለብዙ ወራት ቆየ። በኢንተርኔት ካልሆነ የማይከፈቱ ጌሞች ያን ጊዜ ስክሪን ላይ ያሉ ምልክቶች ብቻ ሆኑ። ፔስ የሚለውን ስም ጥሎ እ.ኤ.አ. በ2021 ኢፉትቦል የተባለው የኮናሚ አዲሱ ጌም በነፃ ይሰጣል፣ ዋና ዋና ውድድሮቹ ግን በመስመር ላይ ናቸው። አሮጌው ፔስ 6 ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ተከፈተ። በዚያ ጨለማ ወቅት ልጆቻችን አንድ ሰዓት ሲስቁ ያየ ወላጅ ይህን ነገር ዋዛ ነው አይለኝም።

ስለ ሕጉ በግልጽ ልናገር። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኮምፒውተር ፕሮግራም የቅጂ መብት ጥበቃ አለው፤ የምንቀባበላቸው ጌሞች አብዛኞቹ ያለፈቃድ የተባዙ ናቸው። ይህን ማድበስበስ አልፈልግም። የሠሩት ሰዎች ደክመውበታል፤ ገዝቶ መጫወት የሚችል ይግዛ። በሌላ በኩል አሮጌዎቹ ፊፋዎች ዛሬ ከመሸጫ መደብሮች ወርደዋል፤ ገንዘብ ይዞ ለሚመጣም በሕጋዊ መንገድ የሚገኙት ያገለገለ ዲስክ ሲገኝ ብቻ ነው። ሊሸጡት ያልፈለጉትን ሥራ ሰው ጠብቆ የሚያቆይበት ሕጋዊ መንገድ ሊኖር ይገባል። ይህ በሌሎች አገሮችም የሚነሳ ክርክር ነው፣ እኛም ድምፅ ሊኖረን ይገባል።

አንድ ተግባራዊ ነገር፤ ኮምፒውተራችሁን ፎርማት ልታስደርጉ ስትመጡ ጌሙን ራሱን አስቀምጡልኝ ትላላችሁ፣ የለፋችሁበትን ማስተር ሊግ ግን ትረሱታላችሁ። እሱ ያለው ጌሙ በተጫነበት ቦታ አይደለም። ዶክመንትስ ውስጥ ኮናሚ የሚል ፎልደር አለ፤ ሦስት ዓመት የገነባችሁት ቡድን እዚያ ነው። ጠጋኙ ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት።

የመጨረሻው ሐሳቤ ይህ ነው። በእነዚህ ጌሞች ውስጥ አስተላላፊው የሚናገረው አንድ ረጅም ንግግር አይደለም። አጫጭር ድምፆች ተቆራርጠው ይቀመጣሉ፤ የተጫዋቹ ስም ለብቻው፣ «የማዕዘን ምት» ለብቻው፣ ደስታው ለብቻው። ጌሙ እንደ ሁኔታው ያገጣጥማቸዋል። ዓረብኛ ተናጋሪ አድናቂዎች እነዚህን ድምፆች እያወጡ በራሳቸው ቋንቋ የተኩበት ፔስ አለ። እኛ የተቆረጠ ባዶ ቦታ አለን፣ የሚናገሩ ልጆች አሉን። በመቶ ድምፆች መጀመር ይቻላል፤ ጎል፣ ቅጣት ምት፣ ከጨዋታ ውጭ፣ ቢጫ ካርድ፣ የበረኛው ጥሩ ማዳን፣ የካስቶሎ ስም በሦስት ዓይነት ስሜት። ማይክሮፎኑን እኔ አመጣለሁ። ፋይሉን ከፍቶ ድምፁን የሚተካ ሁለት ሰው፣ ዝርዝሩን የሚጽፍ አንድ ሰው፣ ድምፁ የሚያምር ልጅ ደግሞ የፈለገውን ያህል እፈልጋለሁ። ልጃገረዶችም ኑ፤ ኳስ በሴት ድምፅ ሲተላለፍ መስማት እፈልጋለሁ። ስማችሁን በር ላይ ባለው ወረቀት ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ እንገናኝ።